ዱር ለሰው ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ስለ ሌሎች ጥብቅ ስፍራዎች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ አሉ፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ጥብቅ ስፍራ ማለት ሰው የማይገባበት ቦታ ማለት ነው?

አይደለም። አብዛኛው ጥብቅ ስፍራ ሰው ይገባበታል። ልዩነቱ እንዴት፣ መቼና እስከ የት ድረስ የሚለው ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጥብቅ ስፍራዎችን በምድብ በምድብ ይከፍላቸዋል። አንደኛው ጫፍ ላይ ከተመራማሪ በቀር ማንም የማይረግጠው ቦታ አለ። መሀል ላይ ብሔራዊ ፓርክ የምንለው አለ፤ ተፈጥሮው ይጠበቃል፣ ሰውም ይጎበኘዋል። ሌላኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ሰዎች እየኖሩበት፣ እያረሱበትና ከብት እያሰማሩበት የሚጠበቅ ምድር አለ። ስለዚህ «ጥብቅ ነው» የሚል ነገር ስትሰሙ መጀመሪያ «የትኛው ዓይነት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጭቅጭቁ ራሱ አዲስ አይደለም። የሎውስቶን በ1872 የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል በሕጉ ላይ የሰፈረው ለሕዝብ ጥቅምና መደሰቻ እንዲሆን ነው። በ1916 የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሲቋቋም ደግሞ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ተሸከመ፦ ተፈጥሮውን መጠበቅ፣ ሕዝቡም እንዲደሰትበት ማድረግ፤ ያውም ለመጪው ትውልድ ሳይጎዳ እንዲተላለፍ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ሁለቱ ሥራዎች ዛሬም ይጋጫሉ።

እኔ አንድ ሰው ነኝ። በእግሬ ብቻ ብሄድ ምን እጎዳለሁ?

ብዙ ሰው የሚያስበው ጉዳቱ ከሰው ቁጥር ጋር እኩል እየጨመረ ይሄዳል ብሎ ነው። አንድ ሰው ትንሽ ይጎዳል፣ ሺህ ሰው ብዙ ይጎዳል፣ አለቀ። በእግር ስለሚረገጥ መሬት የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ግን ሌላ ነው፤ ከጠቅላላው ጉዳት ትልቁን ድርሻ የሚያደርሱት የመጀመሪያዎቹ እግሮች ናቸው። ያልተነካ ሣር ላይ ጥቂት ሰዎች ሲያልፉ አገዳው ይሰበራል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ መስመር ይወጣል። ቀጥሎ የመጣው ሰው መስመሯን መንገድ ናት ብሎ ይከተላታል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው በዚያችው ይወርድና ቦይ ያደርጋታል፣ ቦዩ ሲጨቀይ ሰዉ ጫማው እንዳይበላሽ በጎን ያልፋል፣ ጎኑም በተራው ይጨቀያል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አንዲት ቀጭን መስመር ከጊዜ በኋላ ጎን ለጎን የሚሄዱ አራት አምስት መንገዶች ትሆናለች። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ጭቃም ቢሆን መሀሉን ይዛችሁ ሂዱ የሚባለው ለዚህ ነው። ጫማ ይታጠባል።

የምትረግጡት ነገር ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ወንዝ ዳር ያለ አሸዋና ጠጠር ብዙም አይጎዳም፤ የሚቀጥለው ጎርፍ ያስተካክለዋል። አንዳንድ በረሃዎች ላይ ግን የአፈሩ ገጽ ጠቆር ያለ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ቅርፊት አለው። ሲያዩት ደረቅ አፈር ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ጥቃቅን ተሕዋስያንና ድንጋይ ላይ የሚበቅሉት ዓይነት ደቃቅ ዕፅዋት አፈሩን አያይዘው ነፋስ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ያንን ቅርፊት አንድ ጫማ ከሰበረው እስኪያገግም በአሥርት የሚቆጠር ዓመት ሊወስድ ይችላል። እዚያ ላይ «አንድ ሰው ብቻ ነኝ» የሚለው ምክንያት አይሠራም።

ታዲያ ለምን ጭራሽ አይዘጋም?

መጀመሪያ፣ ዝግ ቦታ ማለት ባዶ ቦታ ማለት አይደለም። ሕጋዊው ሰው ሲወጣ ሕገወጡም አብሮ ይወጣል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አስጎብኚና ጎብኚ በማይመላለስበት ጫካ ወጥመድ ሲጠመድ የሚያይ ዓይን ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ጥበቃ ገንዘብ ይፈልጋል። ሩዋንዳ የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት ከውጭ ጎብኚ የምታስከፍለውን በ2017 ወደ 1,500 ዶላር አሳድጋለች፤ ከፓርኮቹ ገቢ ውስጥም 10 በመቶው በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ እንዲውል ወስናለች። የተራራ ጎሪላ በ2018 «እጅግ በከፋ አደጋ ላይ» ከሚለው ምድብ አንድ ደረጃ ወጥቷል። ያዳነው ቱሪዝም ብቻ ነው አልልም፤ የጠባቂዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ልፋት አለበት። ግን ያ ልፋት በጀት አለው፣ በጀቱም ከየት እንደሚመጣ መካድ አይቻልም።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሰው ያላየውን ቦታ ተከራክሮ አያድንም። ግድብ ሊሠራበት ነው፣ ማዕድን ሊወጣበት ነው ሲባል የሚጮኸው እዚያ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በሚያዝያ 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ባለርስቶች ለአደን ብቻ ዘግተውት የነበረውን ኪንደር ስካውት የተባለ ከፍታ ሆን ብለው ጥሰው ወጡ፤ አንዳንዶቹም ታስረዋል። በ1949 የእንግሊዝ የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ሲወጣ ከኋላው የዚያ ትግል ግፊት ነበረበት። እዚህ ላይ መግባትና መጠበቅ ጠላቶች አልነበሩም።

ስንት ሰው ሲገባ ነው «በዛ» የሚባለው?

ሁሉም ሰው አንድ ቁጥር ይፈልጋል። የተወሰነ ቁጥር ግን ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም። በመንገዳቸው የሚሄዱ 200 ሰዎች ያላደረሱትን ጉዳት ከመንገድ ወጥተው እንጨት ቆርጠው እሳት ያነደዱ አምስት ሰዎች ሊያደርሱት ይችላሉ።

ስለዚህ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ፓርኮች ጥያቄውን ገለበጡት። «ስንት ሰው ይበቃል?» ማለቱን ትተው «ይህ ቦታ ምን ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ ነው የምንፈልገው? እስከ ምን ድረስ ቢለወጥ ነው የምንታገሠው?» ብለው ጀመሩ። ከዚያ የሚለካ ነገር ይመርጣሉ፦ በድንኳን መትከያው ዙሪያ ሣር የለቀቀው መሬት ስፋት፣ የጅረቱ ውኃ ንጽሕና፣ ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉ ወፎች ብዛት። ልኬቱ ከተስማሙበት መስመር ሲያልፍ እርምጃ ይወሰዳል፤ እርምጃውም ሁልጊዜ ሰው መቀነስ ላይሆን ይችላል፣ አንዳንዴ መንገዱን ማዞር ይበቃል። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ያለው የቦብ ማርሻል ዱር ይህ አካሄድ በቶሎ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ቁጥር ራሱ የሚሠራበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። አንታርክቲካ ላይ በአንድ ማረፊያ በአንድ ጊዜ ከመርከብ የሚወርደው ሰው ከ100 እንዳይበልጥ፣ ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብም ጭራሽ ሰው እንዳያወርድ ተወስኗል። ቦታው ጠባብ፣ እንስሳው አንድ ላይ የተከማቸ ከሆነ ቁጥር ጥሩ መሣሪያ ነው።

ሰዉን ወደተለያየ ቦታ መበተን አይሻልም?

ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ስህተት ነው። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፦ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሱት የመጀመሪያዎቹ እግሮች ናቸው። ቀድሞ የተረገጠ ቦታ ላይ መቶ ሰው ብትጨምሩ የሚጨምረው ጉዳት ትንሽ ነው። ያንኑ መቶ ሰው ወደ አሥር ያልተነኩ ሸለቆዎች ብትበትኑት አሥር የተጎዱ ሸለቆዎች ታገኛላችሁ።

ብዙ ሰው በሚመጣበት ቦታ እግርን ማሰባሰብ፣ መሬቱን ማጠናከር፣ ድንጋይ ማንጠፍ፣ ረግረጉ ላይ የእንጨት መተላለፊያ መሥራት ይሻላል። ሰው እምብዛም በማይደርስበት ዱር ግን ሕጉ ይገለበጣል፤ እዚያ ተበታትኖ መሄድና በአንድ ቦታ ብዙ ሌሊት አለማደር ነው የሚመከረው፣ አዲስ መስመር እንዳይወጣ። ድንኳን ስትተክሉም እንደዚሁ ነው። የተለመደ ቦታ ካለ እሱኑ ተጠቀሙ፤ ገና መልኩ መለወጥ የጀመረውን ቦታ ግን እለፉት፣ እንዲያገግም።

እንስሳቱ እኮ ሰው ለምደዋል። ጠጋ ብዬ ፎቶ ባነሳ ምን ችግር አለው?

በግንቦት 2016 የሎውስቶን ውስጥ ጎብኚዎች አንድ የጎሽ ጥጃ በርዶት ይሆናል ብለው አዝነው መኪናቸው ላይ ጫኑት። ወደ መንጋው ሊመልሱት ተሞከረ፤ መንጋው አልቀበል አለው። ጥጃው መኪናና ሰው እየተከተለ ስላስቸገረ በመጨረሻ እንዲገደል ተደረገ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ፓርኩ ከጎሽ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር ራቁ የሚለው ሰውን ከቀንድና ከጥፍር ለማዳን ብቻ አይደለም።

ያልሸሸ እንስሳ አልተረበሸም ማለትም አይደለም። እንቁላል የታቀፈች ወፍ እናንተ ስትጠጉ ለጥቂት ደቂቃ ብትነሳ እንቁላሉ ይበርዳል ወይም ፀሐይ ይመታዋል፣ ሌላ ወፍም ይወስደዋል። እናንተ ይህን አታዩትም፤ ወፏ ስትበር ብቻ ነው ያያችሁት። ጎሪላና ቺምፓንዚ ደግሞ በሰው ጉንፋን ይሞታሉ። ለእኛ የሦስት ቀን ንፍጥ የሆነው ቫይረስ ለእነሱ የሳንባ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጎሪላ ለማየት የሚሄድ ቡድን በስምንት ሰው፣ ቆይታውም በአንድ ሰዓት የተገደበው፣ ርቀት ጠብቁ፣ ካመማችሁም ቅሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ብር ከፍሎ፣ አገር አቋርጦ መጥቶ ጠዋት ላይ ጉሮሮው የከረከረው ሰው ዝም ብሎ መግባት እንደሚያምረው ይገባኛል። ግን አይግባ።

ጫማዬ ንጹሕ ነው። ለምን መግቢያው ላይ ማጠብ ግድ ይሆናል?

ኒውዚላንድ ውስጥ ካውሪ የሚባል ግዙፍ ዛፍ አለ፤ ከሺህ ዓመት በላይ የሚኖር። ይህን ዛፍ አፈር ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ በሥሩ ገብቶ ያደርቀዋል። የታመመውን የሚያድን አስተማማኝ መድኃኒት አልተገኘለትም። በሽታውን ከጫካ ጫካ ከሚያዛውሩት አንዱ የእኛ ጫማ ነው፤ ሶል ስንጥቅ ውስጥ የገባች የመርፌ ራስ የምታክል አፈር ትበቃለች። ስለዚህ የጫካው መግቢያ ላይ ብሩሽና መርጫ ተቀምጧል። መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ታራግፋላችሁ፣ ከዚያ የሶሉን ሥር በተሕዋስ ማጥፊያው ታርሳላችሁ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ጭቃ ያለበት ሶል ላይ መድኃኒቱ ቢረጭ ከሥሩ አይደርስም። ስትወጡም እንደገና ነው።

ይህ አልበቃም። ኦክላንድ አጠገብ ያለው የዋይታኬሬ ደን በባህል ባለቤት የሆነው ቴ ካዌራኡ ኣ ማኪ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ ጎሳዎች አንዱ፣ በታኅሣሥ 2017 በባህሉ መሠረት ማንም እንዳይገባ አወጀ፤ በ2018 የከተማው አስተዳደርም ተከትሎ አብዛኛውን መንገድ ዘጋ። ከዚያ በኋላ መንገዶቹ ጭቃ እንዳይኖራቸው እየተሠሩ፣ የዛፍ ሥር ባለበት በእንጨት መተላለፊያ እየተሸፈኑ ቀስ በቀስ ተከፈቱ። ልብ በሉ፤ ዓላማው መዝጋት አልነበረም፣ እግርና ሥር እንዳይገናኙ ነው።

ቦታ ሲዘጋ በእርግጥ ያገግማል?

አንዳንዱ ያገግማል፣ ከሚጠበቀውም በላይ። ታይላንድ ያለው ማያ ቤይ የተባለ የባሕር ዳርቻ በቀን እስከ 5,000 ሰው ይጎርፍበት ነበር። የጀልባ መልሕቅ ኮራሉን (ባሕር ሥር የሚያድገውን ድንጋይ መሰል ሕይወት) ሰባበረው። በሰኔ 2018 ተዘጋ። መጀመሪያ የተባለው ለጥቂት ወራት ነበር፤ እስከ ጥር 2022 ቆየ። በዚያ ጊዜ ኮራል በእጅ ተተከለ፣ ክንፈ ጥቁር ሻርኮችም ወደ ጥልቀት አልባው ውኃ ተመለሱ። ከሁሉ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ሲከፈት የሆነው ነው፤ እንደ ድሮው አልተከፈተም። ጀልባ ወደ ወሽመጡ አይገባም፣ ከደሴቷ ጀርባ ያወርዳል። ሰው በፈረቃ ይገባል፣ መዋኘት የለም፣ በየዓመቱም ለሁለት ወር ገደማ ተመልሶ ይዘጋል። ዘግቶ አሳርፎ በድሮው መንገድ መክፈት ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጥቷል፤ ፓርኩን ለሚያቋርጠው መንገድ አማራጭ መሠራቱ፣ በልቅ ግጦሽ ላይም እርምጃ መወሰዱ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቷል። የማያገግምም አለ፦ የጠፋ ዝርያ፣ የተሰበረ የዋሻ ድንጋይ፣ በሺህ ዓመት የተከማቸ የታጠበ አፈር።

ውሻ፣ ብስክሌትና ድሮንስ?

ባጭሩ፦ ውሻ ለዱር እንስሳ አዳኝ ነው፣ የእናንተ ውሻ የዋህ መሆኑን እነሱ አያውቁም። ሽታው ብቻ ይበቃል። ብስክሌት ደረቅ ጠንካራ መንገድ ላይ ከእግር እጅግ የባሰ ጉዳት ላያደርስ ይችላል፤ ዋናው ጠብ ከእግረኛ ጋር መጋጨቱና አዲስ አቋራጭ መከፈቱ ነው። ድሮን ለወፍ ትልቅ ጭልፊት ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በ2014 ከልክለውታል፣ ሌሎች ብዙ አገሮችም እንዲሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የቦታውን ደንብ እዩ።

ፎቶ ስለጥፍ ሎኬሽኑን ልናገር ወይስ ልደብቅ?

ቦታው ሰው የሚያስተናግድበት ነገር ካለው፣ ማለትም የተሠራ መንገድ፣ መጸዳጃና ጠባቂ፣ ተናገሩ። ምንም ጉዳት የለውም። ምንም የሌለው ከሆነ ግን አካባቢውን በጥቅሉ ጥቀሱና ተዉት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌክ ኤልሲኖር የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በ2019 አበባው በደንብ ፈካና ፎቶው ኢንተርኔቱን ሞላው። ሰዉ በአሥር ሺዎች ጎረፈ፣ መንገድ ተዘጋጋ፣ አበባው መሀል እየተኙ ፎቶ ተነሡበት። በ2023 እንደገና ሲፈካ ከተማዋ አካባቢውን ጭራሽ ዘጋችው።

ለአደጋ የተጋለጠ እንስሳ ከሆነ ግን ክርክር የለውም። የአውራሪስ ፎቶ ከነሎኬሽኑ መለጠፍ ለአዳኝ መንገድ መምራት ነው። ስልካችሁ ፎቶው ውስጥ የሚደብቀውን የቦታ መረጃ ማጥፋትም አትርሱ።

የሚቃወሙኝ አሉ። «ቦታ መደበቅ የሚጠቅመው ቀድሞ የሚያውቀውን ነው፤ አዲስ ሰው፣ ዘመድ ወዳጅ ያላሳየው ሰው ውጭ ይቀራል» ይላሉ። እውነት አላቸው። ለዚህ ነው ዝም በሉ የማልለው። ለጠየቃችሁ ሰው በግል ንገሩት፣ እንዴት መሄድ እንዳለበትም ጨምሩለት። አንድ ሰው ማስተማርና ለመቶ ሺህ ሰው ካርታ መበተን ይለያያል።

ቁጥር መወሰን ካለበት በገንዘብ፣ በዕጣ ወይስ በወረፋ ይሁን?

ሦስቱም የሚያገሉት ሰው አላቸው። ክፍያ ድሃውን ያገላል። ቀድሞ የመጣ ይቀድማል የሚለው ደግሞ ሥራው የማይለቀውን፣ ፈጣን ኢንተርኔት የሌለውንና ከስድስት ወር በፊት ማቀድ የማይችለውን። ወረፋ ትዕግሥት ላለው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግራንድ ካንየን በተባለው የአሜሪካ ሸለቆ ውስጥ ወንዙን በራሳቸው ጀልባ ለሚወርዱ ሰዎች ወረፋ ነበር፣ እያደር ግን ከአሥር ዓመት በላይ የሚያስጠብቅ ሆነ። በ2006 ወደ ዕጣ ተቀየረ፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ዕድል ያላገኘ ሰው የተሻለ ዕድል የሚያገኝበት ዕጣ።

እኔ ብጠየቅ ዕጣን እመርጣለሁ፣ ከትንሽ ክፍያ ጋር፣ ለአካባቢው ሰው ደግሞ የተለየ ኮታ ተይዞለት። ለውጭ ጎብኚ ክፍያውን ከፍ ማድረግ አይከፋኝም፤ የኢኳዶሩ የጋላፓጎስ ደሴቶች ፓርክ በ2024 ከውጭ አገር ጎብኚ የሚወስደውን ከ100 ወደ 200 ዶላር ሲያሳድግ ለአገሪቱ ዜጎች ያለው ክፍያ ግን በብዙ እጥፍ ዝቅ ያለ ነው። አንድ ነገር ግን መጀመሪያ መሞከር አለበት፦ ችግሩ ሰው ነው ወይስ መኪና? በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለው ዛዮን ፓርክ በ2000 ወደ ዋናው ሸለቆ የግል መኪና አስቀርቶ አውቶቡስ ሲያስገባ የመንገድ ጭንቅንቁ፣ ጭሱና መንገድ ዳር መኪና ማቆሙ ቀነሰ፤ ሰው ግን አልተከለከለም። ከዓመታት በኋላ የሰው ብዛት ራሱ ችግር ሲሆን በ2022 አንዲት ገደላማ መንገድ ላይ ብቻ የዕጣ ፈቃድ ተጀመረ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

መኪናና መንገድ ሲከለከል አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን አይገለሉም?

ይገለላሉ፣ ካልታሰበበት። ግን «መንገድ ይሠራ» የሚለው ወገን አካል ጉዳተኛውን ስሙን ብቻ ሲጠራው አይቻለሁ፤ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ራምፕም (የዊልቸር መውጫ) ምቹ መጸዳጃም የለም፣ ያለው ሆቴል ነው። የአሜሪካ የ1964 የዱር ሕግ ሞተርንም ብስክሌትንም ይከለክላል፤ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ግን ዊልቸር እዚያ ሊከለከል እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ሰውዬው የሚሄድበት እግሩ ነው፣ ተሽከርካሪ አይደለም።

ሁሉም ቦታ ለሁሉም ሰው አይመቸውም፤ ገደል ላይ ራምፕ አይሠራም። ግን እያንዳንዱ ፓርክ ከሚያሳየው ነገር ውስጥ እውነተኛው ተፈጥሮ ዘንድ የሚያደርስ፣ ለይምሰል ያልሆነ፣ ደልዳላ መንገድ ቢያንስ በአንድ በኩል ሊኖረው ይገባል። የእንጨት መተላለፊያ እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ዊልቸር ያስኬዳል፣ አፈሩንም ከጫማ ያድናል።

እዚያ ለትውልድ የኖሩት ሰዎችስ? እነሱም «ጎብኚ» ናቸው?

አይደሉም። ስለ ጥበቃ ታሪክ ስናወራ በጣም የሚያሳፍረው ክፍል ይኼ ነው። በ1991 ኡጋንዳ ብዊንዲንና ምጋሂንጋን ብሔራዊ ፓርክ ስታደርግ ባትዋ የተባሉት የደኑ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ዛሬ ባለገንዘብ እንግዳ ከፍሎ የሚገባበት ጫካ እነሱ የተወለዱበት ነው። በ1959 በዛሬዋ ታንዛኒያ ማሳይ ሰዎች ከሴሬንጌቲ ወጥተው ንጎሮንጎሮ ሲሰፍሩ እዚያ ከነከብታቸው መኖር እንደሚችሉ ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ ያ ቃል ዛሬም ያጨቃጭቃል።

በ2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች የምድሪቱን መሬትና ባሕር 30 በመቶ እስከ 2030 ለመጠበቅ ተስማምተዋል፤ ስምምነቱ የነባር ሕዝቦችን መብት ማክበር እንዳለበትም ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ፈተናው ያለው መሬት ላይ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥር ለመሙላት ቀላሉ መንገድ ድምፅ የሌለውን ሰው ማስነሣት ነው። በሌላ በኩል ውሳኔው በባለቤቶቹ እጅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ አውስትራሊያ ያለውን ኡሉሩን ይመልከት። የአናንጉ ሕዝብ ዓለቱ ለእነሱ የተቀደሰ ስለሆነ እባካችሁ አትውጡበት ሲሉ ለብዙ ዓመት ለመኑ፤ እነሱ አብላጫ ድምፅ ያላቸው የፓርኩ ቦርድ በ2017 ወሰነ፣ በጥቅምት 2019 መውጣቱ ቆመ። ፓርኩ ግን ክፍት ነው። ዙሪያውን መሄድ ይቻላል።

ኖርዌይና ስኮትላንድ ለሁሉም ክፍት አድርገው የለ? ለምን ሌላው አይችልም?

ኖርዌይ በ1957 ሕግ ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ በእግሩ እንዲሄድ፣ እንዲያድርም ፈቅዳለች። ስኮትላንድ በ2003 ተመሳሳይ አድርጋለች። ብዙ ሰው የሚያነበው እዚህ ድረስ ነው። ቀሪው ግን ኃላፊነት ነው፤ ኖርዌይ ውስጥ ሰው ከሚኖርበት ቤት ከ150 ሜትር ቀርባችሁ ድንኳን አትተክሉም፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽም ጫካ ውስጥ ወይም አጠገቡ እሳት ማንደድ በመርህ ደረጃ ክልክል ነው።

ብዙ ሰው ሲመጣ ያም አይበቃም። ሎክ ሎመንድ የተባለው የስኮትላንድ ሐይቅ ዳርቻ በቆሻሻ፣ በተቆረጠ ዛፍና በእሳት ሲቸገር ከ2017 ጀምሮ በተወሰኑ ቦታዎች ከመጋቢት እስከ መስከረም ድንኳን ለመትከል ፈቃድ አስፈለገ። ክፍት መብት የሚሠራው ሰዉ ሲያንስና ልማዱ ከልጅነት ሲሰርጽ ነው። ሕጉን ብቻ ቀድቶ ልማዱን መተው አያዋጣም።

ማንም የማያየው ቦታ መጠበቁ ለማን ነው?

አይስላንድ አጠገብ በ1963 ባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሰርትሲ የተባለች አዲስ ደሴት ወጣች። በ1965 ተከለለች፤ ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር ማንም አይገባባትም። ባዶ ድንጋይ ላይ ሕይወት እንዴት እንደሚጀምር ለማየት ነው፤ የትኛው ዘር በባሕር፣ የትኛው በነፋስ፣ የትኛው በወፍ መጣ? አንድ ጊዜ ቲማቲም በቅሎ ተገኘ። ሲጣራ ከተመራማሪዎቹ አንዱ እዚያው ከተጸዳዳው የመጣ ዘር ነበር፤ ነቅለው አስወገዱት። ሰው ምን ያህል በቀላሉ አሻራ እንደሚተው ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት መሆን አለበት፤ ግን መኖር አለበት። ማነጻጸሪያ ነው። ሰው የገባበት ቦታ ምን ያህል እንደተለወጠ የምናውቀው ያልገባበት ሲኖር ነው። ከዚያም ባሻገር እንስሳውና ዛፉ የመኖር መብታቸው የእኛን ማየት መጠበቅ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ ጭራሽ ካልታረቁ ማን ይቅደም?

እኔ የምለው፦ ጉዳቱ የማይመለስ ከሆነ ጥበቃ ይቅደም፣ ሳይንሱ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ባይሆን እንኳ። ተሳስተን ብንዘጋ ነገ እንከፍታለን። ተሳስተን ብንከፍት ግን የጠፋውን ዝርያ ከየትም አናመጣውም። ጉዳቱ የሚመለስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የተረገጠ ሣር ወይም የሰፋ መንገድ፣ መክፈትና መከታተል ይሻላል።

ግን የሚዘጋው አካል ግዴታ አለበት፤ ምክንያቱን በግልጽ ይጻፍ፣ የሚዘጋው ከሚያስፈልገው በላይ አይስፋ፣ የሚገመገምበትም ቀን ይቀመጥ። «ለጥበቃ ሲባል» ብሎ አጥሮ ውስጥ ለውስጥ ለባለሀብት ሎጅ መፍቀድ ጥበቃ አይደለም። በደንብ የተሠራ መዝጋት ምን እንደሚመስል የአሜሪካው ዮሴሚቲ ፓርክ ላይ አለ። ጭልፊት የሚመስሉ ፈጣን አዳኝ ወፎች ገደሉ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፤ ፓርኩ በየዓመቱ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ አጋማሽ የተወሰኑ የገደል መውጫ መስመሮችን ብቻ ይዘጋል፣ ገደሉን በሙሉ አይደለም። ባለሙያ እየሄደ ያያል፤ ወፎቹ በዚያ ዓመት ሌላ ቦታ ከሠሩ መስመሩ ቀኑ ሳይደርስ ይከፈታል፣ ጫጩቶቹ ከዘገዩም ይራዘማል። ገደል ወጪዎቹ ራሳቸው ጎጆ ሲያዩ ያሳውቃሉ። የእናንተ አካባቢ ቦታ ሲዘጋ እነዚህን ጠይቁ፦ ለምን፣ የት ድረስ፣ እስከ መቼ፣ ማን እያየ ነው? መልስ ካገኛችሁ ታገሡ፤ መልስ ከሌለ ግን መጠየቃችሁን አታቁሙ።